ነገ ለሚደክመው ሰው ማን ይደራደርለት?

 

የዛሬው ርዕሳችን ጂም ነው። አዎ፣ ጂም። «ይሄ ደግሞ ከጁሙዓ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉምና ትንሽ ታገሱኝ፣ አብረን እንየው።

ጂም ቤት የሚሠራ ሰው የምታውቁ ከሆነ ጠይቁት። መስከረም ሲጠባ፣ ረመዳን ሲያልቅ፣ የሠርግ ወቅት ሲቃረብ ሰው ይጎርፋል። የሦስት ወር፣ የስድስት ወር ክፍያ በአንዴ ይከፈላል። አዲስ ጫማና አዲስ ቱታ ይገዛል። ስቶሪ ላይ «ተጀመረ!» ተብሎ ይለጠፋል። ከዚያ ሳምንታት ያልፉና ያው የድሮዎቹ ሰዎች ብቻቸውን ይቀራሉ። ቱታውም ውሎ አድሮ የቤት ልብስ ይሆናል።

ይህ ሰው ስፖርት እንደሚጠቅመው ያውቃል። ይፈልገዋልም። ገንዘቡንም ከፍሏል። ታዲያ የሚያውቀውን፣ የሚፈልገውንና የከፈለበትን ነገር ለምን አያደርገውም? ጥያቄው የቆየ ነው። ሶቅራጥስ «ሰው ጥሩውን በእውነት ካወቀ ሌላውን አይመርጥም» ወደሚል ሐሳብ ያደላ ነበር፤ አርስቶትል ደግሞ ሰው እያወቀ እንደሚሳሳት ዓይናችን እያየ ነው ብሎ ጉዳዩን ረጅም ጊዜ ወስዶ መረመረው። እኛ ሰፈር ግን መልሱ አጭር ነው፦ «ሰነፍ ስለሆንክ ነው!» የቲክቶክ አነቃቂዎችም ይህንኑ በጩኸት ይደግሙልናል።

እኔ ይህ መልስ አያሳምነኝም። ምክንያቴ ደግሞ ረመዳን ነው።

«ያለ ስኳር ሻይ አንድ ቀንም አልጠጣም» የሚለው ወጣት ረመዳን ሲገባ 29 ወይም 30 ቀን ከፈጅር እስከ መግሪብ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይውላል። ሌሊት ለሱሑር ይነሳል፣ ማታ ተራዊሕ ይቆማል፣ በማግስቱ ሥራ ይገባል። ይህ ሰው ሰነፍ ከሆነ ያንን ሁሉ ማን አደረገው? ያው ሰው ነው፤ ያችው ነፍስ ናት።

ምን ተለየ? በረመዳን ማንም ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተወው?» ብሎ ከራሱ ጋር ስብሰባ አይቀመጥም። ውሳኔው አልቋል። መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያሳውቀው አዛኑ ነው፤ ስሜታችን አይጠየቅም። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ መስጂዱ ሁሉ አብሮ ይጾማል። ደግሞ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው አንድ ነገር አለ፦ የታመመና መንገደኛ ያፈጥራል፣ ኋላ ቀዳውን ያወጣል። ሰው የሚደክምበት ቀን እንዳለው ሕጉ ራሱ አስቀድሞ አስቦለታል ማለት ነው።

«እሱማ ለአላህ ስለሆነ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ትልቁ ልዩነት እሱ ነው። ነገር ግን ኒያው የጠራ ሁሉ የሚጸና ቢሆን ኖሮ፣ በረመዳን መጨረሻ «ከእንግዲህ በየሌሊቱ ስምንት ረከዓ እሰግዳለሁ» ያለው ሰው ሸዋል ሳያልቅ ባልተወው ነበር። ከልቡ እኮ ነበር ያለው! ኒያው ላይ እንከን አልነበረም። ችግሩ የሸክሙ መጠን ላይ ነበር። ጂሙም የሌሊት ሶላቱም የሚወድቁት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይመስለኛል። ያንን ቦታ ደግሞ ከዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ዐብደላህ ወጣት ሰሃባ ነው። ቀኑን ሁሉ ይጾማል፣ ሌሊቱን ሁሉ ይቆማል፣ ባለቤቱንም ዘንግቷል። ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ አነጋገሩት። ሰውነቱ እሱ ላይ ሐቅ እንዳለው፣ ዓይኑም፣ ባለቤቱም፣ እንግዳውም ሐቅ እንዳላቸው ነገሩትና በወር ሦስት ቀን መጾም እንደሚበቃው ገለጹለት። እሱ ግን ከዚያ በላይ እችላለሁ አለ። ትንሽ ጨመሩለት። አሁንም እችላለሁ አለ። በመጨረሻ የነቢዩ ዳውድን ጾም፣ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን ማፍጠርን፣ ሰጡትና ከዚያ በላይ የሆነ የለም ብለው ቆረጡት። ቁርኣን በማኽተምም እንዲሁ ከአንድ ወር ተነስተው ሰባት ቀን ላይ አቆሙት።

እስቲ ይህን ንግግር ቀስ ብለን እንየው። የዘመኑ አሰልጣኝ «አንድ ጨምር! አንድ ጨምር!» ይላል። እዚህ ግን ተማሪው ወደ ላይ ይጎትታል፣ መምህሩ ወደ ታች ይደራደራሉ። ወጣቱ ዋሽቶ ነበር? በፍጹም። በዚያች ቀን በእርግጥም ይችል ነበር። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያዩት የነበረው ፊታቸው የቆመውን ወጣት ብቻ አልነበረም። በሙስሊም ዘገባ ውስጥ፣ ምናልባት ዕድሜህ ይረዝም ይሆናል፣ አታውቀውም ብለውታል። ገና ስላልመጣው፣ በዚያ ድርድር ላይ ተገኝቶ ስለራሱ መናገር ስለማይችለው ሽማግሌ ነበር የሚደራደሩት። ሽማግሌውም መጣ። ዐብደላህ አርጅቶ ጉልበቱ ሲደክም፣ ያኔ ነቢዩ ያቀረቡለትን ማቅለያ ምነው ተቀብዬ በነበር እያለ ይመኝ ነበር።

የሞራል ጥያቄው እዚህ ጋር ይነሳል። አንድ ሰው በጎረቤቱ ስም፣ ጎረቤቱን ሳይጠይቅ ብድር ቢፈርም ግፍ ነው እንላለን። በነገው በራሱ ስም ሲፈርምስ? ሐሙስ ማታ በልተን፣ ተኝተን፣ ሞቅ የሚያደርግ ቪዲዮ አይተን «በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት» እንላለን። ፈራሚው የጠገበና የተነቃቃ ሰው ነው። ከፋዩ ግን ሌላ ነው፦ በሐምሌ ዝናብ ከሱብሒ በኋላ ብርድ ልብሱን የሚገፈው፣ ወይም ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ ቤቱ የሚገባው ሰው ነው። እሱን ማንም አልጠየቀውም። ሲያቅተው ደግሞ ያው ፈራሚው ተመልሶ ይመጣና «ሰነፍ!» ብሎ ይሰድበዋል። ይህ ፍትሕ ነው?

ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ በ1979 ሰው ዕቅድ ሲያወጣ ሁሉም ነገር ያለ እንቅፋት እንደሚሄድ አድርጎ እንደሚያስብ ጽፈዋል። ከዚህ በፊት ስንቴ እንዳቋረጠ እያወቀ እንኳ «የአሁኑ ግን ይለያል» ይላል። እኛም እንዲሁ ነን። ያለፉትን ሦስት ሙከራዎች ረስተን አራተኛውን ከሦስቱም አስበልጠን እናቅዳለን።

የምንፈርምባቸውን ቁጥሮችም ከየት እንዳመጣናቸው አንጠይቅም። «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚባለውን ውሰዱ። ይህ ቁጥር የታወቀው እ.ኤ.አ በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ በቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው፤ የዕቃው ስም ራሱ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነበር። ከሐኪም ትእዛዝ ይልቅ ማስታወቂያ ነው የወለደው። ስንቱ ሰው 6,000 እርምጃ ሄዶ «ዛሬም አልሞላሁም» ብሎ አዝኖ ተኝቷል፣ ሱብሓነላህ!

«አንድ ነገር ልማድ የሚሆነው በ21 ቀን ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2009 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትለው፣ አንድ አዲስ ድርጊት ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ አገኙት። ልዩነቱም ሰፊ ነው፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይደርሳል። በ22ኛው ቀን አሁንም የከበዳት እህት ምንም አልጎደላትም፤ ቁጥሩ ነው የዋሻት። ከዚሁ ጥናት የበለጠ ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው፦ መሐል ላይ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መገንባት ይህን ያህል አልጎዳውም።

ይህችን «አንድ ቀን» ያዙልኝ፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እሷ ላይ ነው።

ሄርማንና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1975 አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ለሰዎች ወፍራም ጣፋጭ የወተት መጠጥ አጠጧቸው፣ ቀጥሎ አይስክሬም እንዲቀምሱ አቀረቡላቸው። ምግባቸውን የማይቆጥሩት ሰዎች መጠጡን ስለጠጡ አይስክሬሙን ቀነሱ። ክብደት እንዳይጨምሩ የሚጠነቀቁት ግን ከጠጡ በኋላ ካልጠጡት ጓደኞቻቸው ይበልጥ በሉ! ለምን? ዕቅዱ አንዴ ተበላሽቷላ። ከተበላሸ ወዲያ ምን ቀረ? ይህ ነገር ለኛም እንግዳ አይደለም። ሠርግ ላይ አንድ ሳህን ይበላና «በቃ ዛሬ ተበላሽቷል፣ ከሰኞ እጀምራለሁ» ይባላል። ቀኑ ማክሰኞ ነው።

አሁን ይህንን ሰው ሶላት ላይ አምጡት። ሱብሒ ተኝቶ ያመለጠው ሰው «የዛሬው ቀን ተበላሽቷል፤ ዙህርንም ልተወውና ከሰኞ እጀምራለሁ» ቢል ምን እንለዋለን? እንስቅበታለን ወይም እንቆጣዋለን። ምክንያቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተኝቶ ወይም ረስቶ ሶላት ያለፈው ሰው ባስታወሰ ጊዜ እንዲሰግድ፣ ከዚያ ሌላ ማካካሻ እንደሌለበት አስተምረውናል። ጾመኛ ሆኖ ረስቶ የበላም ጾሙን ይቀጥላል፤ ያበላውና ያጠጣው አላህ ነው ተብሏል። ዲናችን ለተሰናከለ ሰው የመመለሻ መንገዱን አጭር አድርጎለታል። እኛ ለራሳችን ባወጣነው የስፖርት ሕግ ውስጥ ግን መመለሻ የለም፤ ወይ ሙሉ ነው ወይ ምንም። ከአላህ ሕግ የጠበቀ ሕግ ለራሳችን እናወጣለን ማለት ነው፤ ከዚያም አልቻልንም ብለን እንደነቃለን።

የዘይነብንም (ረ.ዐ) ገመድ አስታውሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሲገቡ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተወጠረ ገመድ አዩና ምንነቱን ጠየቁ። የዘይነብ ነው፣ ስትሰግድ ሲደክማት ትይዘዋለች ተባሉ። እንዲፈታ አዘዙ፤ ሰው ንቃት እስካለው ድረስ ይስገድ፣ ሲደክመው ይቀመጥ አሉ። እኛ ብንሆን የዚያን ገመድ ፎቶ አንስተን «ጽናት ማለት ይሄ ነው» ብለን ፖስት እናደርገው ነበር። ጉልበቱ እያበጠ በፋሻ ጠቅልሎ የሚሮጥ፣ እንቅልፉን በኃይል ሰጪ መጠጥ እያባረረ ብረት የሚያነሳ ወንድም አለን፤ ፋሻውም መጠጡም ያው ገመድ ናቸው። ቶሎ የሚጎዳውም፣ ተጎድቶም ለወራት ከነጭራሹ የሚያቆመው እሱ ነው።

ስለ ዓላማውም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን «ግብ» የምንለው የሌላ ሰው ፎቶ ነው። «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ከተለጠፈ ሥዕል ላይ ሆድ እንቆርጣለን፣ ትከሻ እንቀዳለን። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ሥራው ስፖርት ይሁን፣ ብርሃኑ ይሁን፣ ትንፋሹን ይዞ ይሁን አናውቅም። በሰው ዓይን የተጀመረ ነገር ደግሞ ዓይኑ ሲነሳ ይቆማል። የመጀመሪያው ሳምንት ስቶሪ 200 ሰው አየው፤ በአምስተኛው ሳምንት ማንም «ማሻአላህ» አላለም፤ አለቀ።

ሰውነት ግን አማና ነው፤ ለመታየት ብቻ አልተሰጠንም፣ ሥራ አለው። ከሩኩዕ በቀላሉ ቀና ማለት፣ ያረጀች እናትን ደግፎ ደረጃ ማውጣት፣ ልጅን ተሸክሞ ሐኪም ቤት መሮጥ። ሐጅና ዑምራ የሄዱ ያውቁታል፦ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባቱ ጉዞ ብቻውን 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋፉ ሳይቆጠር። «ለዚያ ቀን ጉልበት እፈልጋለሁ» የሚል ሰው መስታወት ፊት ባይቆምም ይንቀሳቀሳል። ደስታውም መዘንጋት የለበትም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሩጫ ተወዳድራ ቀደመቻቸው፤ ሌላ ጊዜ ክብደት ከጨመረች በኋላ ቀደሟትና ይህ በዚያኛው ነው ብለው ቀለዱ። ክብደት መጨመሯን የነገረችን ራሷ ናት። በታሪኩ ውስጥ ወቀሳ የለም፣ ሐፍረት የለም፤ ባልና ሚስት ሮጡ፣ ሳቁ።

ሁሉንም በፈቃድ ማነስ ላይ መጣልም ግፍ ነው። ሒጃቧን ጠብቃ ስፖርት መሥራት የምትፈልግ እህት ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ያለው ጂም ፍለጋ ከተማውን ታዞራለች፤ ካገኘችም ክፍያው ወይም ርቀቱ ያሸንፋታል። ባሕር ማዶ በቀን አንድ ሥራ፣ በሌሊት ሌላ ሥራ የሚሠራ ወንድም አለ። በሰው ቤት ተቀጥራ የራሷ የምትለው ሰዓት የሌላት እህት አለች። ለእነዚህ «ዓላማ ካለህ ጊዜ አታጣም» ማለት ቀላል ነው፤ ተናጋሪው ምንም አይከፍልበትም። ጂም ያላችሁ፣ መስጂድ የምታስተዳድሩ፣ አዳራሽ ያላችሁ ወንድሞች፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለእህቶች ብትለዩ ከብዙ አነቃቂ ንግግር ይበልጣል።

አሁን አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀራል። «ጥቂት፣ ጥቂት እያልን ስንፍናን ሱና ልናለብሰው ነው እንዴ? ጠንካራ ሙእሚን ከደካማው በላጭ መሆኑ በሐዲስ መጥቶ የለ?» መጥቷል፣ እውነት ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ኸይር እንዳለ ግን እዚያው ተነግሯል። ከሥራዎች አላህ ዘንድ ተወዳጁ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑ ሲነገረን፣ የሐዲሱ ክብደት ማነሱ ላይ ሳይሆን መዘውተሩ ላይ ነው። ዛሬ አምስት ደቂቃ ሠርቶ እስከ ሳምንት የሚጠፋ ሰው ይህን ሐዲስ መከታ ሊያደርገው አይችልም። ጥቂቱ ወለል ነው። ዝናብ ቢሆን፣ ፈተና ቢሆን፣ እንግዳ ቢመጣ ከዚያ በታች አንወርድም፤ ጉልበት ባለን ቀን ከዚያ በላይ እንወጣለን።

ኢማሙል ገዛሊ በ«ኢሕያእ» ውስጥ ስለ ነፍስ ሥልጠና ሲጽፉ የቁም ጸሐፊን ምሳሌ ያመጣሉ። ጽሕፈቱ የሚያምር መሆን የሚፈልግ ሰው ጎበዝ ጸሐፊ የሚሠራውን በእጁ ደጋግሞ ይሠራል፤ መጀመሪያ እየታገለ፣ ኋላ ግን ችሎታው የራሱ ባሕርይ ሆኖ ይቀመጣል። ያንን እጅ የሚሠራው አንድ ሌሊት ሙሉ መጻፍ አይደለም፤ በየቀኑ ብዕር ማንሳት ነው።

የሚያስፈልገው መጠንም የምንፈራውን ያህል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል፤ ትንሽ መንቀሳቀስም ከምንም እንደሚሻል ይናገራል። 150ውን ለሰባት ስታካፍሉት በቀን 22 ደቂቃ አይሞላም። ደርሶ መልስ 10 ደቂቃ የሚፈጅ መስጂድ በቀን ለሁለት ወቅት በእግራችሁ ብትሄዱ 20 ደቂቃ ሆነ፤ ጊዜውንም አዛኑ ያስታውሳችኋል። (ወደ ሶላት ስንሄድ በእርጋታ እንድንራመድ ታዘናልና ፈጠን ያለውን እርምጃ ለመመለሻው አቆዩት።)

ወደ ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) እንመለስ፤ ታሪኩ በምኞቱ አላበቃም። ካረጀ በኋላም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር የተለያየበትን ነገር መተው አልፈለገም። ያን ያህል መሸከም ደግሞ ከብዶታል። ስለዚህ ሌሊት በሶላት የሚያነበውን የቁርኣን ድርሻ ቀን ላይ ለቤተሰቡ አንብቦ ያሰማቸው ነበር፣ ሌሊቱ እንዲቀለው። ጉልበት ማግኘት ሲፈልግም የተወሰኑ ቀናት በተከታታይ ያፈጥርና ይቆጥራቸው ነበር፤ ኋላ በቁጥራቸው ልክ ይጾማል።